የጋዛል ንባብ ትምህርት በደሴ፦ ጥንካሬውና ጉድለቱ

ደሴ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠው የኡርዱ ግጥም ንባብ ትልቁ ብርታቱ ጋዛልን፣ በሁለት ሁለት ስንኝ የሚገጠመውን የግጥም ዓይነት፣ በራሱ ባህል ሕግ ማስነበቡ ነው። ባለ ሁለት ስንኙ ሼር ራሱን የቻለ ግጥም ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ከሼር ሼር ታሪክ ሲያሳድድ ይውላል፤ ገጣሚውም ሐሳቡ የተበታተነበት ይመስለዋል።

አነባበቡ በመትላ ይጀምራል፤ ሁለቱም ስንኞች ቤት የሚመቱበት መክፈቻ ነው። ከዚያ በየሼሩ መጨረሻ የሚደጋገመው ረዲፍና ከእሱ ቀድሞ የሚመጣው ቤት መቺ ቃል ቃፊያ ይለያሉ፤ የገጣሚው የብዕር ስም ያለበት የመጨረሻው ሼር መቅታ ይከተላል። ትርጓሜ ከዚህ በኋላ ነው።

ምርጡ ክፍል የኡርዱው ገጣሚ የጋሊብ (1797–1869) ነው። ወይኑ፣ ጠጅ ቀጂው፣ ተቀናቃኙ፣ ጨካኟ ተወዳጅ ሁሉ ከቀደሙት የተወረሱ ናቸው። ስለዚህ «ይህ በሕይወቱ ደርሶበታል ወይ?» አይባልም፤ «በአሮጌው ምስል ላይ ምን ጨመረ?» ይባላል። ከጋሊብ የቀደመው የኡርዱ ገጣሚ የሚር ሼር ጎን ለጎን ሲነበብ ጭማሪው ፍንትው ይላል። ገጣሚዎች በአድማጭ ፊት ግጥማቸውን በሚያሰሙበት በሙሻይራ ወግ የመጀመሪያው ስንኝ ይደገማል፣ ሁለተኛው ይዘገያል፤ መልሱን መጠበቅ የጣዕሙ አካል ነውና። አዝማች እየተቀበለ ላደገ የወሎ መንዙማ አድማጭ ይህ ቶሎ ይገባዋል።

ጉድለቱ ምጣኔው ላይ ነው። ረጅምና አጭር ድምፅ ሳይለይ ይታለፋል፤ አንድ አናባቢ ሲያጥር ስንኙ ይሰበራል። የሚታደለው ወረቀትም ኡርዱ በሚጻፍበት የናስታሊቅ አጻጻፍ በጥቃቅን ፊደል የታተመ ስለሆነ ነጥቦቹ ይጠፋሉ። አጀሚ (በዓረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ) የሚያነቡም ቢሆኑ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚነገሩትን የኡርዱ ፊደላት አስቀድመው አጥንተው ቢመጡ ይሻላል።