የ1922 ኮሚቴ የመተማመኛ ድምፅ፦ ቴሬዛ ሜይን ያተረፈው አሠራር ሲገመገም

አሠራሩ ፈጣን ነው፣ ምስጢር ይጠብቃል፣ ውጤቱም አያከራክርም። መሪውን ከነገ ጀምሮ እናውርድ ወይስ አናውርድ ለሚል ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የብሪታንያ ፓርቲዎች የላቸውም። ችግሩ ሰው ሌላ ጥያቄ ይዞ ሲመጣበት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2018 ወግ አጥባቂዎቹ እንደራሴዎች ይዘውት የመጡት ጥያቄ ስለ ብሬግዚት (ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለምትወጣበት) ስምምነት ነበር፤ የተሰጣቸው መልስ ግን ስለ ወንበሩ ብቻ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትሯና የፓርቲው መሪ ቴሬዛ ሜይ 200 ለ117 አሸንፈው ወጡ፣ ስምምነቱ ግን ከነችግሩ ባለበት ቀረ።

1922 ኮሚቴ የሚባለው የወግ አጥባቂ ፓርቲ ተራ እንደራሴዎች ማኅበር ነው። የመተማመኛ ድምፁ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ1998 በዊሊያም ሄግ የመሪነት ዘመን ነው። ቀድሞ መሪን መጣል የፈለገ ራሱ ወይም ወዳጁ ተፎካካሪ ሆኖ መቅረብ ነበረበት። ማርጋሬት ታቸር በ1990 በዚያኛው አሠራር 204 ለ152 መርተው ሳለ ሕጉ ለሚጠይቀው ብልጫ 4 ድምፅ ጎደላቸውና ሁለተኛ ዙር ግድ ሲሆን ለቀቁ። አዲሱ አሠራር ሁለቱን ነገር ለየ፦ መጀመሪያ “ይውረዱ ወይ?”፣ ከዚያ “ማን ይተካ?”። መለያየቱ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ተተኪ ለመሆን የማይመኝ ሰውም ቅሬታውን በድምፅ ሊገልጽ ይችላል። ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። ድምፅ ሰጪው መሪው ቢወርዱ ማን እንደሚመጣና ምን ዓይነት ብሬግዚት ይዞ እንደሚመጣ ሳያውቅ ይወስናል።

አጀማመሩ በደብዳቤ ነው። በመሪው ላይ እምነት ያጣ እንደራሴ ለኮሚቴው ሊቀመንበር ይጽፋል፤ በ2018 ሊቀመንበሩ ሰር ግርሃም ብሬዲ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከእንደራሴዎቹ 15 በመቶ ሲጽፉ ድምፅ መስጠት ግዴታ ይሆን ነበር። ፓርቲው ያኔ 315 እንደራሴዎች ስለነበሩት ስሌቱ 47.25 ይመጣል፣ ማለትም 48 ደብዳቤ። ደብዳቤዎቹ በአንድ ቀን መድረስ የለባቸውም፤ ጸሐፊው እስካልሳበው ድረስ የቆየውም ይቆጠራል። ቁጥሩን የሚያውቀው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው።

ይህ ምስጢራዊነት ፈሪውን ይከላከላል፣ አደራጁን ግን ያሳውረዋል። ኖቬምበር 14 ካቢኔው የስምምነቱን ረቂቅ ተቀበለ፤ በማግስቱ የብሬግዚት ሚኒስትሩ ዶሚኒክ ራብ ለቀቁ፣ የስምምነቱ ተቃዋሚ የሆኑት እንደራሴ ጄከብ ሪስ ሞግም ደብዳቤያቸውን በአደባባይ አስገቡ። 48ቱ በቀናት ውስጥ እንደሚሞላ ተነገረ፤ አልሞላም። ልኬያለሁ የሚል ባልደረባ በእርግጥ መላኩን የሚያረጋግጥበት መንገድ አደራጁ የለውም፤ ስለዚህ ቆጠራው ሁሉ በቃል ተስፋ ላይ የቆመ ነበር። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ሜይ ናቸው ማለት ይቻላል፦ ዲሴምበር 11 እንዲሰጥ የታቀደውን የምክር ቤት ድምፅ አንድ ቀን ሲቀረው አራዘሙት።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት የዚህ አሠራር ምርጡ ክፍል ነው። ብሬዲ ዲሴምበር 11 ማታ ለሜይ ደወሉ፣ በማግስቱ ጠዋት ለሕዝብ አስታወቁ፣ በዚያው ዕለት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት (ከ18፡00 እስከ 20፡00) በኮሚቴ ክፍል 14 በወረቀት ድምፅ ተሰጠ፣ 3 ሰዓት ላይ ውጤቱ ተነበበ። አገር የሚመራ ሰው ዕጣ ለሳምንታት ተንጠልጥሎ አልቆየም። ፍጥነቱ የሚጠቅመው ግን መሪውን ነው፤ ተቃዋሚው አንድ ቀን በማይሞላ ጊዜ ከ48 ተነስቶ 159 ላይ መድረስ ነበረበት።

159 የምንለው መራጮቹ 317 ስለነበሩ ነው። ከ315 ወደ 317 እንዴት እንደወጣ ሊታለፍ አይገባም፦ በቀረበባቸው ውንጀላ ከፓርቲው ቡድን ታግደው የነበሩ ሁለት እንደራሴዎች እገዳቸው በዚያው ዕለት ተነሥቶላቸው ድምፅ ሰጡ። ልዩነቱ 83 ስለነበር ሁለት ድምፅ ምንም አልለወጠም። በጠባብ ልዩነት ቢሆን ኖሮ ግን የመራጮቹ ዝርዝር ራሱ ይከሰስ ነበር፣ ምክንያቱም ማን ይታገዳል ማን ይመለሳል የሚለው በሚዳኘው መሪ በኩል ባለው ሰው እጅ ነው። በእኛ እይታ ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ ደብዳቤው 48 በሞላበት ሰዓት ዝርዝሩ መዘጋት ነበረበት።

ሌላው መሪውን የሚጠቅም ነገር ሹመት ነው። ከድምፅ ሰጪዎቹ ከ100 በላይ የሚሆኑት ሚኒስትሮችና የሚኒስትር ረዳቶች ነበሩ፤ መሪው ሲወርድ ወንበራቸው ይነቃነቃል። ድምፁ ምስጢር መሆኑ ይህን ጫና ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም። ከዚህ አንጻር 117፣ ማለትም 37 በመቶ፣ ትንሽ ቁጥር አልነበረም። ሜይም ለድል ዋጋ ከፍለዋል፦ ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት ለእንደራሴዎቹ ቀርበው በ2022 ሊካሄድ በታቀደው ምርጫ ፓርቲውን እንደማይመሩ ተናገሩ።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት የ12 ወር ከለላው ነው። መሪው ካሸነፈ ለአንድ ዓመት ዳግም ድምፅ አይጠራበትም። ሐሳቡ ፓርቲው በየሳምንቱ እንዳይታመስ ነው። በተግባር ግን ለተቃዋሚዎቹ አንድ ጥይት ብቻ የያዘ ጠመንጃ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም ያንን ጥይት የስምምነቱ ውጤት ከመታወቁ በፊት ተኮሱት። ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ስምምነቱ 432 ለ202 ሲወድቅ 118 ወግ አጥባቂዎች ተቃውመው ነበር፤ በዚያን ሰዓት ግን የመተማመኛ ድምፅ መጥራት አይችሉም ነበር። በማግስቱ ተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ በመንግሥቱ ላይ ያቀረበው የአለመተማመን ሐሳብ 325 ለ306 ወደቀ። ስምምነቱም ማርች 12 በ391 ለ242፣ ማርች 29 ደግሞ በ344 ለ286 ተሸነፈ።

ከለላው ወንበሩን እንጂ ሥልጣኑን አልጠበቀም። በኤፕሪል የኮሚቴው አመራር የ12 ወሩን ሕግ እንቀይር የሚለውን ተወያይቶ ጣለው፤ ሆኖም ሜይ የሚለቁበትን የጊዜ ሰሌዳ እንዲያሳውቁ ጠየቀ። በሜይ ወር 24ኛ ቀን መልቀቃቸውን አስታወቁ፣ ጁን 7 ከፓርቲ መሪነት ወረዱ፣ ጁላይ 24 ቢሮውን አስረከቡ። ሁለተኛ ድምፅ ሳይሰጥ፣ በግፊት ብቻ። ቦሪስ ጆንሰን ጁን 6 ቀን 2022 በ211 ለ148 ተርፈው ከአንድ ወር በኋላ፣ ጁላይ 7፣ መልቀቃቸውን ሲያስታውቁም የሆነው ይኸው ነው።

አሠራሩ በትክክል የሠራው በ2003 ነው። 25 ደብዳቤ ተሟላ፣ ኢያን ደንከን ስሚዝ 90 ለ75 ተሸነፉ፣ በቀናት ውስጥ ማይክል ሃዋርድ ያለ ተፎካካሪ ተተኩ። ፓርቲው ተቃዋሚ ነበር፣ ጥያቄው ስለ ሰውየው ነበር፣ ተተኪውም ዝግጁ ነበር። ሦስቱም በ2018 አልነበሩም።

ከሌበር ጋር ስናነጻጽረው ደግሞ ብልጫው ጎልቶ ይታያል። በጁን 2016 የሌበር እንደራሴዎች 172 ለ40 በመሪያቸው በጄረሚ ኮርቢን ላይ እምነት እንደሌላቸው ድምፅ ሰጡ፤ ውጤቱ አስገዳጅ ስላልነበር ኮርቢን አልለቀቁም፣ በዚያው ዓመትም አባላቱ ዳግመኛ መረጧቸው። በ1922 ኮሚቴ አሠራር የተሸነፈ መሪ ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ውድድርም መቅረብ አይችልም።

ነጥባችን ከ5 ሦስት ነው። ፍጥነቱና አስገዳጅነቱ አራተኛውን ሊያሰጡት ይችሉ ነበር፤ የመራጮች ዝርዝር ክፍት መሆንና የ12 ወሩ ከለላ ከለከሉት። በ2024 ደብዳቤ የሚጠይቀው መጠን ከ15 በመቶ ወደ አንድ ሦስተኛ ከፍ ብሏል። ይህ ጥቂቶች ብቻቸውን ድምፅ እንዳያስጠሩ ያደርጋል፣ ለአደራጁም ስሌቱን ያቀልለታል፦ አንድ ሦስተኛውን ያገኘ ሰው ወደ ግማሹ የሚቀረው መንገድ ከ48 ወደ 159 እንደነበረው አይርቅም። ደብዳቤ ለመላክ ያሰበ እንደራሴ ግን ዛሬም መጀመሪያ መቁጠር ያለበት የደብዳቤውን ሳይሆን የድምፁን ቁጥር ነው።