በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተሠራ ጃዝ ቤዝ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ ስለ ድምፁና ስለ ዕድሜው

ካለፈው ክረምት ጀምሮ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሠርግና በምሽት ዝግጅቶች የምጫወተው በአንድ ቤዝ ጊታር ብቻ ነው። ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ጊታር ኩባንያ ጃፓን ውስጥ ያሠራው ጃዝ ቤዝ ሲሆን የ1962ቱን አሜሪካዊ ሞዴል የተከተለ ነው። ሻጩ ያስተዋወቀው «የ1984 ምርት» ብሎ ነበር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ድምፁ የምለው አለኝ፤ ግን ከዕድሜው ልጀምር፤ አሮጌ የጃፓን ጊታር የሚገዛ ሰው ከሚከፍለው ገንዘብ ጥቂት የማይባለው ለዓመቱ የሚከፈል ነውና። ስለ ዓመቱ ደግሞ በገበያው የሚነገረው ብዙ ነው፤ የሚታመነው ጥቂት።

ፌንደር ጃፓን የተቋቋመው በ1982 ነው። በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የአሜሪካን ጊታሮች እየገለበጡ በጥሩ ጥራትና በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ፌንደር በዚህ ገበያውን ሲነጠቅ ካንዳ ሾካይ እና ያማኖ ጋኪ ከተባሉ ሁለት የጃፓን የንግድ ድርጅቶች ጋር ተሻርኮ ራሱ እዚያው ማሠራት ጀመረ። ሥራው የተሰጠው በናጋኖ ግዛት ማትሱሞቶ ከተማ ለሚገኘው ለፉጂገን ፋብሪካ ነበር። አይባኔዝና ግሬኮ የተባሉትን የጃፓን ጊታሮች ይሠራ የነበረውም ይኸው ፋብሪካ ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት የተሠሩ የተለያየ ስም ያላቸው ጊታሮች የእጅ ሥራቸው ቢመሳሰል አይገርምም።

የእኔ ቤዝ መለያ ቁጥር «ኢ» በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምርና ስድስት አኃዝ ይከተለዋል። የመጀመሪያዎቹ የፌንደር ጃፓን ምርቶች ከ1982 እስከ 1984 «ጄቪ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምሩ ነበር፤ በ1983 እና 1984 «ኤስኪው» የሚል አለ፤ «ኢ» ደግሞ ከ1984 እስከ 1987 ድረስ ይዘልቃል። በእኛ አቆጣጠር ከ1976 እስከ 1980 መሆኑ ነው። እንግዲህ ሻጩ «1984» ሲል ከአራት ዓመት ውስጥ ለኪሱ የሚስማማውን የመጀመሪያውን መርጦ ነው። ፊደሉ አንድን ዓመት ለይቶ አይናገርም። አንድ ዓመት ቁርጥ አድርጎ የሚነግራችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ከምን ተነስቶ እንዳለ ጠይቁት።

ከዚህ የባሰ ግራ የሚያጋባው ፊደሎቹ ተመልሰው መምጣታቸው ነው። «ኤ» እና ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር በ1985 እና 1986 ጥቅም ላይ ውሏል፤ ያው ፊደል በ1997 እና 1998 እንደገና መጥቷል። የሚለያቸው ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ጽሑፍ ነው፤ የቀደመው «ሜድ ኢን ጃፓን» ሲል የኋለኛው «ክራፍትድ ኢን ጃፓን» ይላል። በአንዲት ቃል ምክንያት ጊታሩ አሥራ ሁለት ዓመት ሊያረጅ ወይም ሊታደስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከሻጭ ፎቶ ስትጠይቁ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ጽሑፍ በአንድ ላይ የሚያሳይ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መለያ ቁጥር የሚመሰክረው ለተጻፈበት ክፍል ብቻ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ቁጥሩ የተቀረጸው ከጀርባ በአራት ብሎን በታሰረችው የብረት ሳህን ላይ ነው፤ እሷን ፈትቶ ሌላ ጊታር ላይ ማሰር የደቂቃዎች ሥራ ነው። የ«ጄቪ» ምርቶች ዋጋቸው በጣም ከፍ ስላለ ይህን የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። በእኔው ላይ እንዳለው ቁጥሩ በአንገቱ ጀርባ፣ አንገቱ ከአካሉ በሚገጥምበት ጫፍ ላይ ከሆነ ደግሞ የአንገቱን ዕድሜ እንጂ የአካሉን አይናገርም። የእነዚህ ጊታሮች አንገትና አካል በብሎን የተያያዙ ናቸው፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ስንት እጅ እንደነካቸው ማን ያውቃል።

እኔ አንገቱን መፍታት ግድ የሆነብኝ ለሌላ ምክንያት ነው። በዚህ ሞዴል በአንገቱ ውስጥ የሚያልፈው የብረት ዘንግ የሚስተካከለው እንደ ዘመናዊዎቹ ከራሱ በኩል ሳይሆን በአካሉ ውስጥ ከተደበቀው ጫፍ ነው። ክረምት ላይ የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው አንገቱ ተንቀሳቀሰ፤ ክሮቹም ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች) እየነኩ መንጫጫት ጀመሩ። ለማስተካከል ክሩን ማላላት፣ ብሎኖቹን መፍታት፣ አንገቱን ማንሳት፣ ዘንጉን ጥቂት ማዞር፣ መልሶ ማሰር፣ መቃኘት፣ ካልሆነም ከመጀመሪያው መድገም ነው። የዚህ ቤዝ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ወቅቱ በተለወጠ ቁጥር የሚመለስ ጣጣ ነው። ብሎኖቹን ስትመልሱ መጀመሪያ በእጃችሁ ወደ ኋላ እያዞራችሁ የድሮው ጥርስ ውስጥ ሲገባ እስኪሰማችሁ ጠብቁ፤ ያለዚያ የእንጨቱ ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል።

ከተነሣ አይቀር በአንገቱ ጫፍ ላይ ያለውን ማኅተም አየሁት። ደብዘዝ ባለ ቀለም «ጄቢ 62-75» ይላል። «ጄቢ» ጃዝ ቤዝ ነው። «62» ሞዴሉ የሚከተለው የአሜሪካው ጊታር ዓመት ነው፤ ይህን ቁጥር አይቶ ጊታሩን የ1962 ነው የሚል ሰው አለ፤ በዚያ ዓመት ግን ፌንደር ጃፓን የሚባል ነገር አልነበረም። «75» ደግሞ ጃፓን ውስጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው፤ ሰባ አምስት ሺህ የን። በዚያ ዘመን ዋጋን በሞዴል ስም ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር፤ የቶካይ እና የግሬኮ ጊታሮችም እንዲሁ ናቸው። ለገዢ ከዓመቱ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ቁጥር ይመስለኛል። በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ጊታሮች አንዱ ስድሳ አምስት ሺህ፣ ሌላው መቶ አሥራ አምስት ሺህ የን ከሆነ በእንጨታቸውም በኤሌክትሪክ ዕቃቸውም እኩል አይሆኑም። የእኔው አካሉ ባስዉድ ከተባለው ቀላል እንጨት ነው።

ማኅተሙ ከአካሉና ከአንገቱ ቁጥር ጋር ስለተስማማ በዚህ በኩል ረካሁ። በኤሌክትሪኩ ላይ ግን ሻጩ ያልነገረኝ ነገር ነበር። ጃዝ ቤዝ የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሁለት ፒክአፖች አሉት። አንዱ ከሌላው በተቃራኒ ስለተጠመጠመ ሁለቱም እኩል ሲከፈቱ ከመብራት የሚመጣው እምምታ ይጠፋል፤ አንዱ ብቻ ሲከፈት ይሰማል። በእኔው ላይ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ብከፍታቸውም እምምታው አልጠፋም። መቆጣጠሪያዎቹ የተገጠሙበትን ሳህን ስከፍት ነገሩ ተገለጠ። ከፊተኛው ፒክአፕ የሚመጣው ሽቦ ብየዳ ደብዝዞ ግራጫ ሆኗል፤ ከኋለኛው የሚመጣው ግን የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሽቦውም ፕላስቲኩ አዲስና ለስላሳ ነው። የኋለኛው ፒክአፕ ተቀይሯል፤ የቀየረው ሰውም የጥምጥሙን አቅጣጫ አላየም። በተቃራኒ የተጠመጠመ ሌላ ፒክአፕ ካስገባሁ ወዲህ ጸጥ ብሏል።

በዚያው አጋጣሚ መቆጣጠሪያዎቹን አየኋቸው፤ ትንንሾቹ የጃፓን ናቸው። የአሜሪካዎቹ ዘንግና አንገታቸው ወፈር ስለሚል እነሱን ለማስገባት የሳህኑን ቀዳዳ ማስፋት ያስፈልጋል። ቀዳዳው ተሞርዶ ካያችሁ አንድ ሰው ውስጡን ቀይሯል ማለት ነው። በአሜሪካ ጊታሮች መቆጣጠሪያ ጀርባ ላይ ያሉት የዓመትና የሳምንት ቁጥሮች በጃፓን ዕቃ ላይ በተመሳሳይ መንገድ አይነበቡም፤ በዚያ ስሌት የጃፓን ጊታር ዓመት የሚያወጣ ሰው ሲገጥማችሁ አትቀበሉት።

ድምፁ ግን እጅግ ያስደስተኛል። የፊተኛውን ፒክአፕ ሙሉ፣ የኋለኛውን ትንሽ ቀነስ፣ የቃና መቆጣጠሪያውን ግማሽ አድርጌ ችክችካ ስጫወት ከእግር ከበሮው ጋር ተጣብቆ ይሄዳል፤ ዘፋኙም ኪቦርዱም ሳይሸፈን እያንዳንዷ ምት ለብቻዋ ትሰማለች። ትዝታ ላይ ረጅም ድምፅ ስይዝ ቶሎ አይሞትም። አንገቱ ቀጭን ነው፤ እስከ ሌሊት በሚዘልቅ ሠርግ ላይ እጄ አይደክምም፤ ትከሻዬም እንዲሁ። የኋለኛውን ብቻ ከፍቼ ስጫወት ድምፁ ጠባብና አፍንጫማ ነው፤ ለፈጣን ነጠላ ዜማ ይጠቅማል፤ እምምታው ስለሚመለስ ግን ብዙ መብራት ያለበት አዳራሽ ውስጥ አልከፍተውም።

የየትኛውን ጊታር ዓመት በቀላሉ ማወቅ ይቻላል ብባል የዚያን ዘመን አይባኔዝ እጠቁማለሁ። ከ1975 ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ የቁጥሩ መጀመሪያ ፊደል ወሩን ነው፤ ከላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል ለጃንዋሪ ተነስቶ እስከ አሥራ ሁለተኛው ለዲሴምበር። ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች ዓመቱ ናቸው። ወርና ዓመቱ ግልጽ ነው፤ ለፌንደር ጃፓን ያልታደልነው ይህን ነው። በዚሁ አጋጣሚ፣ ማንኛውንም የ1970ዎቹ የጃፓን ግልባጭ «የክሱ ዘመን ጊታር» እያሉ ዋጋ የሚጨምሩ አሉ። የታወቀው ክስ አንድ ነው፤ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን በ1977 አይባኔዝን አሜሪካ ውስጥ ያከፋፍል የነበረውን ኤልገርን በፊላደልፊያ ከሰሰ፤ ጉዳዩም የጊታሩ ራስ ቅርጽ ነበር፤ በስምምነትም አለቀ። የፌንደር ቅርጽ ያለውን ቤዝ አይመለከትም። ለዚህ ስም ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

ይህን ቤዝ ዛሬም በከፈልኩት ዋጋ እገዛዋለሁ፤ ፒክአፑ መቀየሩን ቀድሜ ባውቅ ግን ዋጋውን አስቀንስ ነበር። ለመግዛት የምታስቡ ሻጩን አራት ፎቶ ጠይቁት፦ ቁጥሩ ከነጽሑፉ፣ አንገቱ ተፈትቶ ጫፉ፣ አንገቱ የሚገባበት የአካሉ ክፍተት፣ የመቆጣጠሪያው ሳህን ተገልብጦ። አንገቱን አልፈታም የሚል ሻጭ መብቱ ነው፤ ያኔ ግን ዋጋው የጊታሩ እንጂ የዓመቱ መሆን የለበትም። የእኔው ፍሬቶች በመጀመሪያዎቹ አምስት ቦታዎች ላይ ተበልተዋል፤ የሚቀጥለው ወጪዬ እሱ ነው።