ፒያሳ ወይስ ገራዶ? ደሴ ላይ ቤት ለምትከራዩ

ወደ ደሴ ተዛውሮ የሚመጣ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፦ «ፒያሳ ልከራይ ወይስ ገራዶ ልሂድ?» መልሴ መሀል ከተማው፣ ፒያሳ ነው። ሁለቱንም ኖሬባቸዋለሁ፤ ገራዶ አንድ ዓመት ተኩል ተቀመጥኩ፣ ፒያሳ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ሰውን ከመሀል ከተማው ወጣ ወዳለው ገራዶ የሚስበው ኪራዩ ነው። እኔም ሁለት ክፍል በ4,500 ብር ሳገኝ ዓይኔን አላሸሁም። አሁን ፒያሳ ያለኝ ሁለት ክፍል 7,000 ብር ነው። የ2,500 ብር ልዩነት ያጓጓል። ነገር ግን እኔና ሁለት ልጆቼ በየቀኑ ከተማ መግባትና መመለስ ነበረብን፤ ለአንድ ሰው 20 ብር፣ ደርሶ መልስ 40፣ ለሦስታችን 120 ብር። በወር 22 ቀን ሲባዛ 2,640 ብር ይሆናል። ቆጠብኩ ባልኩበት በየወሩ 140 ብር እከስር ነበር። ልጅ ታሞ በሌሊት ባጃጅ በኮንትራት የያዝኩበትንና ውሃ ሲጠፋ በጀሪካን የገዛሁትን በሂሳቡ አላስገባሁም። ሰፊ ግቢ ለሚፈልግና በግ ለሚያረባ ገራዶ ጥሩ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ከእግር ያወልቃል።

ፒያሳን የምወደው በሂሳብ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ የሱቆች በር ተሰብሮ፣ መንገዱ ጭር ብሎ አይቻለሁ። ዛሬ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድ ተነጥፎ፣ መብራት ተተክሎ፣ እናቶች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ሲንሸራሸሩ ሳይ ደስ ይለኛል። ቀድሞ በቦይና በጭነት መኪና መሀል እየተሽሎከለኩ ነበር የሚሄዱት። ታሪካዊው አይጠየፍ አዳራሽም ሆነ ገበያው በእግሬ የምደርስባቸው ናቸው።

ይሁን እንጂ ቀለም አያታልላችሁ። የታደሰው የመንገድ ዳሩ ፊት ነው፤ ከበስተኋላው ያለው ጭቃ ቤት ያው የድሮው ነው። እኔ የተከራየሁት በሚያዝያ ፀሐይ ነበር። አከራዬ «አብሽር ልጄ፣ ጠብ አይልም» ብለውኝ ገባሁ። ሐምሌ ላይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ውሃው ልጆቹ አልጋ ላይ ወረደ፤ ሳፋ፣ ድስት፣ ባልዲ ደርድረን አነጋን። ወጪው ከኪራይ እንዲታሰብልኝ ተስማምተን ስምንት ቆርቆሮ ገዛሁ፤ ባለ 32 ጌጅ (የቆርቆሮ ውፍረት መለኪያ) ነው ተብዬ አንዱን በ850 ብር። ማኅተሙም 32 ይላል። አናጢው ጫፉን በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው እንደ ወረቀት ታጠፈ። «ይህ 35 ነው» አለኝ። ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ሻጩ አልመልስም አለ፤ 6,800 ብሬ በአንድ ክረምት በረዶ ተበሳሳ። ስለዚህ ቆርቆሮ ስትገዙ አናጢ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሌላ ሱቅ ቆርቆሮ ጋር በሚዛን አስተያዩት፤ በማኅተሙ ብቻ አትመኑ።

ቤት ስታዩም ጣሪያውን ከውስጥ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ በፀሐይ ቀን የብርሃን ነጥብ ከታያችሁ በዚያው ውሃ ይገባል። ደሴ ተዳፋት ናትና የጓሮው የድጋፍ ግንብ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ከሆነ ኪራዩ በነፃ ቢሆን እንኳ አትግቡ። አፈሩ የሚንሸራተት ነው።

ቅድሚያ ክፍያን በተመለከተ፣ የስድስት ወር ካልከፈልክ ያሉኝ አከራይ ነበሩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። እኔ ይህን ጠቅሼ በሁለት ወር ተስማምቻለሁ።

መንገድ ዳር ካለው ቀለም የተቀባ ቤት ይልቅ አንድ ረድፍ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ፈልጉ። የመንገድ ዳሩን ሁለት ክፍል 11,000 ብር ብለውኝ ነበር፤ የእኔ ቤት ከዚያው መብራት ሃምሳ እርምጃ ነው።