ዳር አገር ላለ ቤት ኢንተርኔት፦ የሳተላይት ዲሽ ወይስ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል 4ጂ?

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ሆለታ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ቤት ውስጥ ኔትወርክ አይይዝም፤ ሳተላይት ላስገባ?» ጣሪያ ላይ ስትወጡ ስልካችሁ ትንሽም ቢሆን 4ጂ ከያዘ ሳተላይቱን ተዉት። ውጭ የሚሰቀል ባለሲም ራውተር ግዙ።

የዲሹ ዋጋ አንዴ ተከፍሎ ያልፋል፤ ኪስ የሚያራቁተው ወርሃዊው ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ የሳተላይት ኢንተርኔት አቅራቢው የስታርሊንክ መደበኛ ክፍያ በወር 6500 ሽልንግ፣ ማለትም 50 ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ መተመን ከመጀመሩ በፊት 50 ዶላር በባንክ ምንዛሬ ከ3000 ብር በታች ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ5000 አለፈ። የሲም ጥቅል የምትገዙት ግን በብር ነው።

መብራቱንም አስሉት። መደበኛው ዲሽ ከ75 እስከ 100 ዋት ይበላል፣ 4ጂው 12 ዋት ገደማ። መብራት 5 ሰዓት ቢጠፋ ለዲሹ እስከ 500 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ለ4ጂው 60 ይበቃል።

የቴሌቪዥን ዲሻችሁን ወደ ኢንተርኔት እንቀይርላችሁ የሚሉትን አትስሙ። ሰሃኑ ፊት ያለው ኤልኤንቢ የሚባለው መቀበያ ሲግናል ይቀበላል እንጂ አይልክም። በሻንጣ የገባ ዲሽም አያዋጣም፦ ጂፒኤስ ስላለው አቅራቢው የት እንዳለ ያያል፣ ፈቃድ በሌለው አገር ላይም ሊዘጋው ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ።

4ጂው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገመድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ላለ ራውተር አንቴና ውጭ ሰቅሎ በቀጭን ገመድ ማውረድ ርካሽ ይመስላል፤ 10 ሜትር ቀጭን ገመድ ግን 7 ዲቢ ገደማ ይውጣል፣ ከሲግናሉ የሚደርሳችሁ አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ራሱ ራውተሩ ምሰሶ ላይ የሚወጣውን፣ መብራትና ዳታ በአንድ የኔትወርክ ገመድ የሚያወርደውን ምረጡ። ገመዱን ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቁት፤ መዳቡ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። 30 ሜትር ላይ ቮልቴጁ ይወርድና ራውተሩ ልክ ሥራ ሲበዛበት እየጠፋ ይነሳል። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም አትውሰዱ።

ስትሰቅሉ የራውተሩን ገጽ ክፈቱና አርኤስአርፒ (RSRP፣ የሲግናል ጥንካሬ) የሚለውን እዩ። በ15 ዲግሪ እያዞራችሁ በየቦታው አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከ-95 ወደ ዜሮ የቀረበ ጥሩ ነው፣ ከ-110 የባሰ አይረባም። ሁለት አቅጣጫ እኩል ከሰጣችሁ ሲንር (SINR፣ የሲግናል ጥራት) የሚለው ቁጥር ከፍ ያለበትን ያዙ። ፊት ለፊት ባህር ዛፍ ካለ ምሰሶውን ከጫፉ በላይ አስረዝሙ፤ በክረምት እርጥብ ቅጠል ሲግናል ይበላል። ምሰሶውን በሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘት (ኤርዝ ማድረግ) አትርሱ።

ሳተላይት የሚያስፈልገው ምሰሶው ጫፍ ላይ እንኳ ምንም በማይያዝበት ሸለቆ ነው። ያኔም 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚዞረውን ምረጡ። 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ድምፅ አድርሶ ለመመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ስለሚፈጅ በቪዲዮ ጥሪ ላይ ሰዎች አንዱ በአንዱ ላይ ይናገራሉ። ዝቅተኛው ግን ሰፊ ክፍት ሰማይ ይፈልጋል፤ ግቢያችሁ በባህር ዛፍ ከተከበበ በየጥቂት ደቂቃው ይቆራረጣል።