ሂሳቡን ሳታዩ አትክፈሉ፦ ስለ ሰፈራችን ምግብና መጠጥ ቤት የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር ሉካንዳ፣ ወጥ ቤትና ባር በአንድ ግቢ ይዞ የሚሠራን፣ ቅዳሜና እሁድ ወንበር የሚጠፋበትን አንድ ምግብና መጠጥ ቤት ይመለከታል። የቤቱን ስም አልጠቅስም። የሰፈሩ ሰው በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያውቀዋል፤ ሌላ ሰፈር የሚኖር አንባቢም የቤቱን ስም ከማወቅ ይልቅ አሠራሩን ቢያውቅ ይጠቀማል፣ ምክንያቱም ተመሳሳዩ አሠራር በየሰፈሩ አለ። የምጽፈው እኔና ቤተሰቤ፣ እንዲሁም ጎረቤቶቼና የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ በተለያየ ጊዜ ከከፈልነው ሂሳብ ተነስቼ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የቤቱ ምግብ መጥፎ አለመሆኑ ነው። ክትፎው በደንብ በተነጠረ ቅቤ ይለወሳል፣ ሚጥሚጣው አዲስ ነው፣ አይቡና ጎመኑ ሳይሰሰት ይቀርባል፣ ቆጮውም ቢሆን እንደ ብዙ ቤቶች ደርቆ የሚሰነጠቅ አይደለም። ሰው ተበድሎ የወጣበት ቤት ተመልሶ የሚገባው በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ነገር ግን ቤቱ ከምግቡ ጣዕም ሌላ የሚተማመንበት ነገር አለ፤ እሱም ይሉኝታችን ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው አሠራሮች በሙሉ ደንበኛው ለመናገር በሚያፍርበት ቦታና ሰዓት ላይ የተቀመጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እጠይቃለሁ።

ዋናው ጉዳት የሚደርሰው በኪሎ በሚሸጠው ሥጋ ላይ ነው። እንደሚታወቀው ደንበኛው ሉካንዳው ፊት ቆሞ ሻኛውን፣ ሽንጡን ወይም ጎድኑን መርጦ ያስቆርጣል፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያያል፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ይቀመጣል፤ ሥጋው ወደ ወጥ ቤት ይገባና ቆይቶ ፍም በያዘ ሸክላ ላይ ተጠብሶ ይመጣል። ሥጋ በእሳት ላይ ውሃውና ስቡ ስለሚወጣ ከክብደቱ ሩብ፣ አንዳንዴም ሲሶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ሸክላው ላይ 700 ግራም አካባቢ ሆኖ ቢደርስ ማንም ተጭበረበርኩ ሊል አይችልም፤ ቤቱ የተጠቀመውም በዚህ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የተነሳ 200 ግራም እሳቱ ከቀነሰው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል፤ ጥያቄ ቢነሳም «ሥጋ እኮ ሲጠበስ ይቀንሳል» የሚል፣ በራሱ እውነት የሆነ መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እንግዳ ጋብዞ የተቀመጠ ሰው ደግሞ «ሥጋው አነሰ» ብሎ ክርክር ከሚጀምር ተጨማሪ ግማሽ ኪሎ ማዘዝ ይቀለዋል።

ጥርጣሬያችን የተረጋገጠው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ግማሹን ቁርጥ ግማሹን ጥብስ ባዘዝንበት ዕለት ነበር። ቁርጥ እሳት አይነካውም፤ በመሆኑም ከሚዛኑ በወረደበት ክብደት ጠረጴዛችን ላይ መድረስ ነበረበት። የቀረበልን ግን በዓይን ሲታይ እንኳ ከግማሽ ኪሎ የሚያንስ ነበርና ሳንነካው መልሶ እንዲመዘንልን ጠየቅን። ሥጋ ቆራጩ ከጠረጴዛ የተነሳ ሥጋ ወደ ሚዛን እንደማይመለስ ከተከራከረ በኋላ፣ ሌሎች ደንበኞች መመልከት ሲጀምሩ መዘነው፤ ከ100 ግራም በላይ ጎደለ። ያለ አንዳች ይቅርታ ከተሰቀለው ሥጋ ቆርጦ ጨመረበት፤ ስለ ጥብሱ ድርሻ ግን ማንም ምንም አላለም። ከዚያ ወዲህ ለወዳጆቼ በሙሉ የምመክረው፣ በማያምኑት ቤት ሲያዙ ቢያንስ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ በዚህ መልኩ ከፍለው እንዲያዙ ነው፤ ቁርጡ ለጥብሱ ምስክር ይሆናል።

ሚዛኑን በሚመለከትም ሥጋው ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩ ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት፣ ወረቀቱ ወይም ትሪው አብሮ እንዳይመዘን መጠየቅ፣ ቀይ ሥጋ ታዝዞ ከሆነም አጥንት ለክብደት ተብሎ እንዳይገባ መከታተል ነውር የለበትም። ከርዕሴ ትንሽ ልውጣና፣ እዚያው ቆማችሁ ሳላችሁ የተሰቀለው ሥጋ የቄራ ማህተም እንዳለበት ብታዩ መልካም ነው። ቁርጥ ለሚበላ ሰው ምርመራ ያላለፈ ሥጋ የሚያመጣው ጣጣ ከኮሶ ትል እስከ አባ ሰንጋ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ከኪሎ ጉድለት የሚከፋ ነገር ነው።

መጠጡ ላይ ያለው አሠራር ከሥጋው የቀለለ ቢሆንም ዘወትር የሚፈጸም ነው። ገና ሳይታዘዝ የታሸገ ውሃ ተከፍቶ ይቀርባል፤ የተከፈተ ውሃ መመለስ ስለሚያሳፍር ሁሉም ይጠጣዋል፣ ይከፍለዋልም። በብዙ ቤቶች ባዶ ጠርሙሶች ሂሳብ እስኪጠየቅ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ወይም ሥሩ ይቆያሉ፤ ይህ ለአስተናጋጁም ለደንበኛውም መቁጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። በዚህ ቤት ግን ጠርሙሱ ገና ከመጠጣቱ ይነሳል። ጽዳት ቢመስልም፣ ጨዋታ በደራበት ሰዓት ስድስት ሰው ስንት ቢራ እንደጠጣ የሚያስታውስ አንድም ሰው ስለማይኖር፣ የቀረበው ቁጥር ይከፈላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቆርኪዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧቸው፤ ሲከፈት ቆርኪውን ይዞ የሚሄድ አስተናጋጅ ካለም እዚያው እንዲተወው ንገሩት። እኛ ይህን ማድረግ ከጀመርን በኋላ በቢራ ቁጥር ላይ ክርክር ገጥሞን አያውቅም። በመለኪያ የሚሸጥ ጂንና ውስኪን በተመለከተ ደግሞ፣ ጠርሙሱ ወደ ጠረጴዛችሁ መጥቶ ፊታችሁ እንዲቀዳ ጠይቁ፤ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀድቶ የመጣ ደብል መጠኑም ምንነቱም አይታወቅም። አርብና ቅዳሜ ማታ ባንድ ሲጀምር የመጠጥ ዋጋ እንደሚጨምርም እወቁ። ዋጋ መጨመሩ የቤቱ መብት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ቀን የተቀመጠው ሜኑ ሳይነሳ፣ ማንም ሳይነግራችሁ፣ ከምሽቱ የመጀመሪያ ዘፈን በፊት ያዘዛችሁት ቢራ ጭምር በማታው ዋጋ ተሰልቶ መምጣቱ ፍጹም ተገቢ አይደለም።

ወደ ሂሳቡ ስመጣ፣ የሜኑው የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፤ የተዘረዘሩት ዋጋዎች የተጨማሪ እሴት ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን እንደማይጨምሩ ትናገራለች። ታክሱ 15 በመቶ፣ የአገልግሎት ክፍያው 10 በመቶ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ደምሮ 25 በመቶ ይጨመርብኛል ብሎ ያስባል። በዚህ ቤት ስሌት ግን ታክሱ የሚታሰበው የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ በመሆኑ ጭማሪው 26.5 በመቶ ይደርሳል። በሜኑው ዋጋ 4,000 ብር የሚሆን ምግብና መጠጥ ያዘዘ ሰው መጀመሪያ 400 ብር የአገልግሎት፣ ከዚያ በ4,400 ብር ላይ 660 ብር ታክስ ተጨምሮበት 5,060 ብር ይከፍላል። ይህን በማስላት የተቀመጠ ሰው አልተጎዳም፤ 4,000 ብር ይዞ የወጣ ግን ጓደኛውን ጠርቶ ይበደራል።

በታክስ ቅር የሚለኝ ሰው አይደለሁም። የምቃወመው ታክሱ ተሰብስቦ ደረሰኝ የማይሰጥበትን አሠራር ነው። ሂሳቡ የሚመጣው በእጅ በተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው፤ የምግቡ ዝርዝር አይነበብም፣ ታክሱ ግን በግልጽ ተጽፎ ተደምሯል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር እንዲሆን ይጠየቃል፣ ለዚህም ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ስልክ ላይ ሲገባ የሚወጣው ስም የድርጅቱ ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ነው። የማሽን ደረሰኝ ሲጠየቅ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ኔትወርክ የለም፣ ወረቀቱ አልቋል ይባላል። አጥብቆ ለጠየቀ ሰው ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ሆኖም የተቆረጠው ከተከፈለው በብዙ ያነሰ ገንዘብ ሆኖ ይገኛል። አንድ ባልደረባዬ የተሰጠው ደግሞ ከማሽን የወጣ ቢመስልም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ሆነ የደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር የሌለው፣ ለወጥ ቤቱ የሚላክ የትዕዛዝ ወረቀት ነበር። ለመንግሥት ነው ተብሎ ከእኛ የተወሰደው 15 በመቶ በእነዚህ ሁኔታዎች የት እንደሚገባ ለመገመት የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ የሚያልፈው በአከፋፈላችን ልማድ ምክንያት ጭምር መሆኑን መሸፋፈን አልፈልግም። ሂሳብ ሲመጣ «እኔ ነኝ የምከፍለው» በሚል ግብግብ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይነጠቃል፤ ያሸነፈው ሰው እንዳይነጠቅ አጥፎ ይይዘዋል፣ ሳያነበውም ይከፍላል። እንግዳ ፊት ዝርዝር ማየት ስስታምነት ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው፤ ጋባዡ ያልበላነውን እንዲከፍል ዝም ብሎ የሚያይ ተጋባዥ ውለታውን በአግባቡ አልመለሰም። ስለዚህ መክፈሉ ለጋባዡ ይተው፣ ወረቀቱን ማንበብና መቁጠሩ ግን ለአንድ ተጋባዥ ይሰጥ፤ በእኛ ጠረጴዛ እንዲህ ተስማምተናል፣ ማንም አልተቀየመም።

ቅሬታ ሲቀርብ የሚሰጠው መልስም አይዘነጋም። ኃላፊው ያላዘዝነው ሁለት ሳህን ዳጣና ተጨማሪ እንጀራ ለምን እንደተጻፈ ስንጠይቀው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ካልቻላችሁ ለምን ትገባላችሁ» ነበር ያለን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃና አገልግሎት ዋጋ በግልጽ ቦታ እንዲያሳይና ለሸጠው ደረሰኝ እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ ሸማቹም ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። ይህን ለኃላፊው በጨዋ ቋንቋ ስንነግረው ዳጣውና እንጀራው ከሂሳቡ ተሰረዘ፤ ደረሰኙም «ተበላሽቷል» ከተባለው ማሽን ወጣ።

አስተናጋጆቹን ግን በዚህ ጉዳይ አትጫኗቸው። ደመወዛቸው አነስተኛ ነው፣ የሚኖሩትም በጉርሻ ነው፤ ሳይከፈል የቀረ ሂሳብ ከደመወዛቸው እንደሚቆረጥም ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ነግረውናል። ከእኛ የሚወሰደው የአገልግሎት ክፍያ ይደርሳቸው እንደሆነ ስጠይቅ አንዲት አስተናጋጅ በሳቅ ብቻ መለሰችልኝ፤ ስለዚህ ጉርሻችሁን በእጃቸው ስጧቸው።

የመጨረሻውና በዚህ ሰሞን ይበልጥ የሚያሳስበው የቀብድ ጉዳይ ነው። የምርቃትና የልደት ግብዣ ለማዘጋጀት ቤቱ ቀብድ ይቀበላል፤ ውል ግን አይጽፍም። አንድ ጎረቤቴ ለልጁ ምርቃት ቀብድ ከፍሎ፣ የሰዉ ቁጥርና የአንድ ሰው ዋጋ በቃል ተነግሮት ነበር። በዕለቱ ከተነገረው ያነሰ እንግዳ ቢመጣም ሙሉው ቁጥር ተሰላበት፤ ታክስና የአገልግሎት ክፍያም ዋጋው ውስጥ አልነበሩም ተብሎ በላዩ ተጨመረ። ቀብዱ ይቀነስልኝ ሲል ደግሞ ገንዘቡን የተቀበለው ሠራተኛ ሥራ መልቀቁና ቤቱ ስለ ገንዘቡ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ተነገረው። ክፍያውን የፈጸመው በግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ ስለነበር የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም፤ በእጁ የቀረው የዝውውር መልእክቱ ብቻ ነው። በየትኛውም ቤት ግብዣ የምታዙ ከሆነ የሰዉን ቁጥር፣ ታክስና አገልግሎት ያካተተውን የአንድ ሰው ዋጋ፣ መጠጡ በነፍስ ወከፍ ወይስ በጠርሙስ እንደሚታሰብ፣ ሰው ቢጎድል ምን እንደሚሆን በጽሑፍ አስፍራችሁ የድርጅቱን ማህተም አስመቱበት፤ ቀብዱንም በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ብቻ አስገቡ። ማህተም አልመታም የሚል ቤት ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ጎረቤቴ ማመልከቻውን ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብቷል፣ እስካሁን ምላሽ በመጠባበቅ ላይ ይገኛል። በዚሁ ቤት ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ የሰፈሩ ነዋሪዎች በእጅ የተጻፈውን የሂሳብ ወረቀት፣ የሜኑውን ፎቶግራፍና የክፍያ መልእክታችሁን ይዛችሁ በየስማችሁ ለዚያው ጽሕፈት ቤት ብታመለክቱ፣ ጉዳዩ የአንድ ሰው አለመግባባት ተደርጎ እንዳይታለፍ ይረዳል። መልእክቶቹን ከስልካችሁ አታጥፏቸው።