የተማሪዎች ህብረት የምክር ቢሮ፣ ነርሲንግ ለምትማሩ፦ 4 ኮከብ

እንግሊዝ ነርሲንግ ስማር ሁለተኛ አመት ፕሌስመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ላይ ፌል አደረጉኝ፣ አለቀልኝ ብዬ ክፍሌን ዘግቼ ሳለቅስ ጓደኛዬ ጎትታ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች ህብረት ምክር ቢሮ ወሰደችኝ፣ ነፃ ነው። እኛ ደግሞ ታላቅን መክሰስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን ዝም ማለት ይቀናናል። ሴትዮዋ የምዘና ደብተሬን ገልጣ ገልጣ የሚድፖይንቱ (የልምምዱ አጋማሽ ግምገማ) ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ባዶ! የአሰሰሬ (የሚመዝነኝ ሰው) ፊርማም ቀንም የለበትም። «ውጤቱ አይገባኝም ብቻ ብለሽ አትጻፊ፣ የመምህር ዳኝነት በይግባኝ አይነካም፣ ሂደቱ አልተጠበቀም በይ» አለችኝና አብረን ጻፍነው፣ ድጋሚ እንድሞክር ተፈቀደልኝ።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ቀጠሮ ለማግኘት 6 ቀን ስለጠበቅኩ ነው፣ የይግባኝ ጊዜው አጭር ስለሆነ ውጤት በሰማችሁበት ቀን ደውሉ። ዩኒቨርሲቲው እምቢ ካለ የማጠቃለያ ደብዳቤውን ተቀበሉ፣ እንግሊዝና ዌልስ ከሆናችሁ ደብዳቤው ከወጣ በ12 ወር ውስጥ ኦአይኤ (የተማሪዎችን ቅሬታ የሚያይ ገለልተኛ ተቋም) ጋር በነፃ ማመልከት ይቻላል።

በሽተኛ ላይ አደጋ ካያችሁ ግን ያ ይግባኝ አይደለም፣ ቀጠሮ ምናምን ሳትሉ እዛው ለዋርዱ ኃላፊ ንገሩ፣ ካልሰሟችሁ የእንግሊዝ ኤንኤችኤስ (የመንግስት ጤና አገልግሎት) ሆስፒታሎች ፍሪደም ቱ ስፒክ አፕ ጋርዲያን የሚባል፣ ስጋት የሚነገረው ሰው አላቸው፣ ተማሪም ይሰማሉ።