ነጭ ቅርፊት ለሚያስቸግረው ቤት፦ አቼቶ ወይስ ውሃ ማለስለሻ?

የከርሰ ምድር ውሃ እንደ አቃቂ ካሉ ጉድጓዶች ሲወጣ፣ እንደ ለገዳዲና ገፈርሳ ካሉ ግድቦች ከሚመጣው ይልቅ በአብዛኛው ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል። እንዲህ ያለው ውሃ ሲፈላ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ ሳሙናም በቀላሉ አረፋ አይሰጥበትም። የልደታ ወይም የካዛንቺስ ነዋሪ ታዲያ የቱን ይምረጥ?

በዋጋ አቼቶ ከሰፈር ሱቅ በጥቂት ብር ይገኛል፤ ማለስለሻው፣ ማለትም የውሃውን ካልሲየምና ማግኒዚየም በሶዲየም የሚተካው መሣሪያ፣ ግን ከመግዣው ሌላ የባለሙያ ክፍያና በየጊዜው የሚጨመር ጨው ይጠይቃል።

በጥቅም ረገድ አቼቶ የተጋገረውን ቅርፊት ከማንቆርቆሪያና ከሻወር ራስ ላይ ያሟሟል እንጂ ውሃውን አይለውጥም፣ ስለዚህ ሥራው ይደጋገማል። ማለስለሻው ቅርፊቱን ከምንጩ ስለሚያስቀር የቦይለሩን ማሞቂያ ብረት ይጠብቃል፤ ቅርፊት የለበሰ ብረት ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ መብራት ያባክናል።

ጉዳቱስ? አቼቶን ከበረኪና ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ማለስለሻው ደግሞ በሊትር 100 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት (ቅርፊቱ የሚሠራበት ማዕድን) ሲያስወግድ 46 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይጨምራል፤ ራሱን ሲያጥብም ውሃ ይፈጃል፣ ይህም በፈረቃ ለሚቀዳ ቤት ቀላል ሸክም አይደለም።

ለተከራይና ለአነስተኛ ቤተሰብ አቼቶ፣ ብዙ ቦይለር ላለው ሆቴል ወይም የልብስ ንጽህና ቤት ማለስለሻው ይስማማል። ጨው የተከለከለ የደም ግፊት ሕመምተኛ ካለ የመጠጡ መስመር ሳይለሰልስ ይቅር።